የመምሬን ሚስት ምን ነካት?

ፈንታነሽን ምን እንደነካት ሰፈራችን እስከ ዛሬ አልተስማማም። ግማሹ ቡዳ በልቷት ነበር ይላል። ግማሹ እርጅና ነው፣ ካረጁ አይበጁ ይላል። ወፍጮ ቤት ተሰልፈው ሲያወሩ የሰማኋቸው ሴቶች ደግሞ ባሏ ቄስ ባይሆኑ ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር አሉ፤ ምን ነካት ሲባሉ ግን እነሱም ትከሻቸውን ሰበቁ። እኔ ብርቱካን እባላለሁ። እዚሁ ደብረ ታቦር ሠላሳ ዓመት ያህል አንደኛ ደረጃ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ከፈንታነሽ ግቢ የሚለየኝ አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ስለሆነ ነገሩ ሲጀመርም ሲያልቅም አጠገቧ ነበርኩ። እንደዚያም ሆኖ አልገባኝም። ግን ያላዩት ሁሉ ሲያወሩ ያየሁት እኔ ለምን ዝም እላለሁ?

ፈንታነሽ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። ከእስቴ በኩል ከገጠር መጥታ በልጅነቷ ለዲያቆን ተዳረች። ዲያቆኑ ቀሰሱ፤ መምሬ ወልደሚካኤል ተባሉ። እሷም ወለደች፣ አሳደገች፣ ጠመቀች፣ ጋገረች፣ ልጆቿን ዳረች። የእጅ ሙያ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም። ይሄን በሐሜት አልልም፣ ራሷ እየሳቀች የምታወራው ነው። የሰፋችው ሌማት አንድ ጎኑ ከፍ፣ አንድ ጎኑ ዝቅ ይላል። የፈተለችውን ጥጥ ይዛ ስትሄድ ሸማኔው ራሱን ይይዛል። አማቷ በሕይወት ሳሉ "እጇ ድንጋይ ነው" ይሏት ነበር፤ እሷም ይሄንኑ አምና ኖረች።

ነገሩ የተጀመረው በጋን ነው። የሰንበቴ ተራዋ ደርሶ ጠላ ልትጠነስስ ስትል ጋኗ ተሰንጥቆ ተገኘ። ቅዳሜ ገበያ ወጥተን ዞርን። ያለው ሁሉ ወይ ትንሽ ነው፣ ወይ ሲያንኳኩት ድምፁ የታመመ ነው። ሸክላ ከምትሸጠው ከሙሉ ዘንድ ስንደርስ፣ ትልቅ ጋን ተሠርቶ እንደማይቀመጥ፣ ከፈለግን ቤቷ መጥተን ማዘዝ እንዳለብን ነገረችን። ቤቷ ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ ነው። እኔ ሰው እንላክ አልኩ። ፈንታነሽ ራሴ ሄጄ አዛለሁ አለች።

አገራችንን ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ከሸክላ ሠሪ ጋን እንገዛለን፣ በጋኑ የተጠመቀውን ጠላ እንጠጣለን፣ ቤቷ ግን አንገባም። ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል ይባላል። እኔ በዚህ አላምንም። ተማሪዎቼንም እንዳታምኑ እያልኩ ነው ያስተማርኩት። ነገር ግን ያን ዕለት ወንዙን ስንሻገር ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ነበር። አለማመን ሌላ፣ መዳፈር ሌላ።

ሙሉ ደጇ ላይ ጋን እየሠራች አገኘናት። ጋኑ አይዞርም፤ የምትዞረው እሷ ናት። አጎንብሳ እየዞረች ጭቃውን እንደ ገመድ እያድበለበለች ትደራርባለች፣ በእርጥብ ቆዳ ታለሰልሳለች፣ ደግሞ ትዞራለች። ፈንታነሽ የምትፈልገውን ነገረቻት፣ ሙሉ እሺ አለች፣ ጉዳያችን አለቀ። ሙሉ ውኃ ልታመጣ ወደ ውስጥ ስትገባ እኔ ለመሄድ ተነሳሁ። ፈንታነሽ አልተነሳችም። ማንም ሳይላት ከአጠገቧ ካለው የተቦካ ጭቃ ውስጥ እጇን ከተተች።

ምን አደረገች ብትሉኝ፣ ምንም። ጨበጠችው። ለቀቀችው። ደግማ ጨበጠችው። ከዚያ ቀና ብላ ዞር ዞር አለች፤ ሰው ከሩቅ በስሟ ጠርቷት ከየት እንደተጠራች የጠፋት ትመስል ነበር። ሙሉ ተመልሳ ስታያት ደነገጠች።

"ምነው እትዬ? እጅዎ ቆሸሸ እኮ" አለቻት።

ፈንታነሽ እጇን አላወጣችም። "ይሄ ምን የሚሉት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ጭቃ ነዋ" አለች ሙሉ፣ ግራ ገብቷት እኔን እያየች።

በሳምንቱ ፈንታነሽ ጋኑን ላየው ብላ ብቻዋን ሄደች። ጋኑ ደረሰ፣ ሰንበቴው ተበላ ተጠጣ፣ እሷ ግን መሄዷን አልተወችም። መጀመሪያ ሰበብ ነበራት፤ ድስት ልዘዝ፣ ክዳን ልቀይር ትል ነበር። በኋላ ሰበቡም ቀረ። ሙሉም ብትሆን ደስ አላላትም። የቄስ ሚስት ደጇ ላይ ጭቃ ስታቦካ ብትታይ መዘዙ ለማን እንደሚተርፍ ታውቃለችና፣ እባክዎ ይቅሩብኝ ብላ ለምናት ነበር። ፈንታነሽ ቀረች፤ በሦስተኛው ቀን ግን ተመልሳ መጣች። የመጀመሪያ ድስቷ እሳት ውስጥ ሲፈነዳ ሰው የሞተባት ያህል ስታለቅስ ሙሉ አየቻትና ልቧ ራራ። አፈሩ ብቻውን እንደማይችል፣ የተሰበረ ገል ተወቅጦ ካልገባበት እሳት እንደሚሰነጥቀው ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ አስተማረቻት።

ያቺ ድንጋይ የተባለች እጅ ድስቱን ክብ አደረገችው። አንዳንድ ቀን አብሬያት ስለምሄድ ነው እንጂ፣ ዓይኔ ባያይ አላምንም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሌማት ስታጣምም የኖረች ሴት የድስት አፍ በአውራ ጣቷ አስተካክላ ስትቆርጥ አየሁ። ተናደድኩ መሰለኝ። የት ነበረ ይሄ ሁሉ? አንድ ቀን ከወንዙ ስንመለስ ለምን እንደምትሄድ ጠየቅኋት።

"እንጃ" አለች።

"ደስ ስለሚልሽ ነው?"

"እንጃ ብርቱካን፣ ደስታም አይመስለኝ። ልጆቼን ጡት ሳስጥል እንዲህ ያደርገኝ ነበር። እጄን ከጭቃው ሳወጣው ሆዴ ይባባል።"

እኔ መቼም ለሰው መላ አላጣም፤ ያን ዕለት ግን መላ ጠፋኝ። ጭቃ እኮ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከጫማችን ስንጠርግ የኖርነው ጭቃ።

ቤቷ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይታይ ጀመር። ወጥ ጨው ትረሳለች። እንግዳ ሲያወራት ዓይኗ እንግዳው የያዘው ዋንጫ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ብቻዋን ፈገግ ትላለች። እህል አይበላላትም፤ ከጉርሻ በላይ አታልፍም። የመጨረሻ ልጇ ማስተዋል ከተማ ውስጥ ቢሮ የምትሠራ፣ ነገር ሲንጠለጠል የማትወድ ልጅ ናት። እናቷን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ ደም ግፊቷም ስኳሯም ደህና ነው ተባለች። ቀጥላ ምናልባት ብርድ ይሆናል ብላ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወስዳ አሰነበተቻት። ፈንታነሽ ከዋንዛዬ የተመለሰችው በፌስታል አፈር ቋጥራ ነው። ቀለሙ ከእኛ አፈር ይለያል አለች።

ወሬው ሰፈሩን ሞልቶ መምሬ ወልደሚካኤል ግን አልሰሙም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መምሬ ክፉ ሰው አይደሉም። ጠዋት ቅዳሴ፣ ቀን ፍትሐትና ክርስትና፣ ማታ ዳዊታቸው። ሚስታቸው የት እንደዋለች ጠይቀው አያውቁም። ለምን ይጠይቃሉ? አርባ ዓመት የዋለችው ቤት ነው።

ነገሩ የፈነዳው በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት ነው። በማርያም አይታረስም፣ አይወቀጥም። ሕዝቡ አስቀድሶ በወንዙ ዳር ሲመለስ ፈንታነሽን እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ አገኛት። ሙሉ እንኳ የለችም፤ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሸክላ ሠሪዋ ስታስቀድስ የቄስ ሚስት ጭቃ ታቦካለች። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አያት። እሷም ቀና ብላ የሰዉን ነጠላ አየች፣ ከዚያ እጇን አየች።

"ዛሬ ማርያም ናት እንዴ?" አለች።

እኔም ከሰዉ መካከል ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ለማስተዋል ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነላት። እናቷ ተበልታለች። እህል አለመብላቱ፣ ብቻ መሳቁ፣ መፍዘዙ፣ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት የሚጎትታት ነገር፣ በመጨረሻም ማርያምን ማስረሳቱ፣ አንዱም የቀረ የለም። ልጅቷን አትፍረዱባት፤ እናቷ ልትጠፋባት ነው ብላ ፈርታ ነው። የደብሩ ሽማግሌዎችም መምሬን ጠርተው ቤትዎን ያስተካክሉ፣ አለዚያ መቀደስዎ ሰውን ያስቀይማል አሏቸው። መምሬ ከዚያ ሲመለሱ በእኔ በር አለፉና ቆሙ። አብሬያት እሄድ እንደነበር ሰምተዋል። ምን አገኛት ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። እኔም አላውቅም አሉና ሄዱ።

ጠበል እንድትጠመቅ ተወሰነ። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በእኛ ዘንድ የተበላ ሰው ጠበል ሲነካው የበላው ቡዳ በተበላው ሰው አፍ "እኔ እገሌ ነኝ" ብሎ ይጮኻል፤ እዚያ የተጠራ ስም ደግሞ አለቀለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዓመታት በፊት ስሟ የተጠራ አንዲት ሸክላ ሠሪ በሳምንቱ ቤቷን ዘግታ ከአገር ሄዳለች፤ ጎጆዋም ኋላ ፈረሰ። ሙሉ ይሄን ታውቃለች። ልጆቿን እብናት ያለች እህቷ ዘንድ ልካ፣ እሷ ብቻ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

እንግዲህ ፈንታነሽ "ሙሉ ነኝ" ብትል ነጻች ማለት ነው። ተበላች፣ ዳነች ይባላል፤ መምሬም መቅደሳቸውን አያጡም፤ የምትጠፋው ሙሉ ናት። የበላኝ የለም ካለች ደግሞ በሙሉ ጤናዋ፣ ወዳና ፈቅዳ በማርያም ጭቃ ያቦካች የቄስ ሚስት ናት። በዚህም በዚያም ወደ ወንዙ ማዶ መመለስ የለም።

ጠበል የምትጠመቅበት ዕለት ጠዋት አብሬያት ልሄድ ቤቷ ገባሁ። ነጠላዋን እያጣፋች ነበር።

"ብርቱካን፣ እውነት ተበልቼ ይሆን እንዴ?" አለችኝ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው አልኳት። አነጋገሬ ግን አላሳመናትም፤ እኔንም አላሳመነኝ።

"አንቺ ትቀልጃለሽ። እኔ ግን ሳስበው ሁሉም ይገጥማል። እኔ ማርያምን የምረሳ ሰው ነኝ?"

"አይደለሽም።"

"እኔ ካልሆንኩ ማን ነው የረሳት?"

ነጠላዋን ያዝኩላትና ወጣን።

ጠበሉ ቁልቁል ከገደሉ ሥር ነው፤ ውኃው አጥንት ይሰብራል። አጥማቂው አባ ሚልኪያስ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው፤ ብዙ ሰው ሲያድኑ የኖሩ፣ ድምፃቸው ጎርናና የሆነ። ወሬው ቀድሞን ስለነበር ሰው ሞልቷል። ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ የተዘጋጀም አልጠፋም። መምሬ ወልደሚካኤል ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዳር ቆመዋል። ማስተዋል ከፊት ናት።

ፈንታነሽ ከውኃው ሥር ገባች። ሌላው ሰው ገና ሲነካው ነው የሚጮኸው። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ ከውስጧ የሚጮኸውን ትጠብቃለች። አስመስላ አይደለም፤ ከልቧ ነው የምትጠብቀው። እኔም ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ። የሚጮኽ ጠፋ።

"ማነህ? ስምህን ተናገር" አሉ አባ ሚልኪያስ፣ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው።

ሰዉ ዲዳ ዓይነት ቡዳ ነው ይባባል ጀመር። ከኋላ አንዲት ሴት ሸክላ ሠሪዋ ናት፣ ሙሉ ናት፣ እሷን ጠይቋት ብላ ተናገረች፤ ሌሎችም ተቀበሏት። አባ ሚልኪያስ ወደ ፈንታነሽ ጎንበስ አሉ።

"ሙሉ ነሽ?"

ፈንታነሽ ዓይኗን ገለጠች። ቆይታ፣ ሁሉንም አይታ ስትጨርስ ነው የመለሰችው።

"አይደለሁም። ፈንታነሽ ነኝ።"

"ፈንታነሽንማ እናውቃታለን። ፈንታነሽን የያዝካት አንተ ማነህ?"

"ፈንታነሽ ነኝ አባ። ሌላ ሰው የለም፤ ፈልጌ አጣሁ።"

"ከእሷ ምን ትፈልጋለህ?"

"ሸክላ መሥራት ነው የምፈልገው።"

አንዳንዱ አማተበ። አንዱ ሳቀና ሰው ሲያየው ሳቁን ዋጠ። ማስተዋል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባ ሚልኪያስ ስንት ዓይነት ስም ሰምተዋል፤ የተበላውን ሰው ስም የሚጠራ ግን ገጥሟቸው የሚያውቅ አልመሰለኝም። እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ፤ ሌላ ምን ያድርጉ?

"እንግዲያውስ ፈንታነሽን ልቀቃት፤ ውጣ።"

ፈንታነሽ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። "ወዴት ልሂድ አባ?" አለች። "ገና መግባቴ ነው።"

ውኃው መውረዱን ቀጠለ። አባ ሚልኪያስ መስቀሉን እንደያዙ ቀሩ። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። መምሬ ወልደሚካኤል ከዳር ተነስተው በሰዉ መካከል መጡ። ጋቢያቸውን አውልቀው እላይዋ ላይ ጣሉ።

"በቃ አባ" አሉ። "በርዷታል።"

ክንዷን ይዘው አወጧት፤ አባ ሚልኪያስም አልከለከሉ። ማስተዋል ሳትጠብቀን ባጃጅ ይዛ ሄደች፤ እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም። እኛ ሦስታችን በእግር ወጣን። እርጥብ ልብሷን እኔ ይዣለሁ። አቀበቱን ግማሽ ያህል ወጣን።

"አርባ ዓመት አብሬሽ ስኖር" አሉ መምሬ፣ መንገዱን እያዩ፣ "እንዲህ ያለች ፈንታነሽ መኖሯን አላወቅሁም።"

"እኔስ መች አወቅኋት መምሬ" አለች።

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገ የደብሩ ሽማግሌዎች ሲጠይቋቸው ምን እንደሚሉ እንደማያውቁ ነገሩን። ተበልታ ዳነች እንዳይሉ ውሸት ሊሆን ነው። ደህና ናት እንዳይሉ ሰዉ ሁሉ በማርያም ዕለት አይቷታል። ቀደሱም ተከለከሉም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ይሄን ሲናገሩ የተቆጡ አይመስሉም፤ ስሌት ጠፍቶበት እንደቆመ ተማሪ ነበሩ።

ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ከሚገነጠልበት ስንደርስ መምሬ ቆሙ። እሷም ቆመች። እኔ ወዴት ልይ?

"ያቺ ሴትዮ ብቻዋን ፈርታ ተቀምጣለች" አሉ። "ሂጂና ስሟ እንዳልተጠራ ንገሪያት። ልጆቿን ታስመጣ።"

ፈንታነሽ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። የሰማችውን የተጠራጠረች ይመስላል። ከዚያ በጋቢያቸው እንደተጠቀለለች ቁልቁል መራመድ ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች መምሬ ጠሯትና ዞረች።

"ከነገ ወዲያ መድኃኔ ዓለም ነው" አሏት። "እንዳትረሺ።"

ስለ ነገ ምንም አላሉም።